በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ ሆኖ ለመግባትም ለመቆየትም

ፍራንክ ቢመር ቨርጂንያ ቴክን ተረክቦ በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት (1987–1992) 24 ጨዋታ አሸንፎ 40 ተሸነፈ፤ 2 አቻ ወጣ። ኪርክ ፈረንዝ በ1999 አይዋ ላይ ሲጀምር 1 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመት 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ቢል ስናይደርም በ1989 ካንሳስ ስቴት የመጀመሪያ ዓመቱን የጨረሰው በ1 ድልና በ10 ሽንፈት ነው። ሦስቱም አልተባረሩም። ቢመር ከ1993 እስከ 2015 ለ23 ተከታታይ ዓመታት ቡድኑን ለቦውል ጨዋታ (ጥሩ ውጤት ያላቸው ቡድኖች ከወቅቱ በኋላ ለሚጫወቱት) አበቃ፤ ስናይደር 215 ድል ይዞ ወጣ፤ ፈረንዝ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ እዚያው ቆየ።

ያቆያቸው ዕድል ብቻ አይደለም። የቀጠሯቸው ሰዎች ለመጠበቅ ፈቃደኞች ነበሩ፤ እነሱም ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ሥራው ሥርዓት እንዳለው አሳዩ። በዚህ ሙያ ዕድሜ የሚያገኝ ሰው የሚለየው በየትኛው ትምህርት ቤት፣ ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት የሳምንት ሥርዓት እንደሚሠራ አስቀድሞ በመወሰኑ ነው። ከታች ያለው መንገድ ከመጀመሪያው ቅጥር እስከ ስንብት ይሄዳል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላ ካልተባለ በቀር ደንቦቹ የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) ዲቪዥን አንድ፣ ማለትም የላይኛው እርከን፣ ናቸው።

መግቢያው በር

ብዙው አሰልጣኝ የሚገባው በግራጁዌት አሲስታንትነት ነው፤ ማስተርስ እየተማሩ ለቡድኑ መሥራት ማለት ነው። ክፍያው የትምህርት ወጪ መሸፈኛና አነስተኛ የኪስ ገንዘብ ነው። ኒክ ሴበን በ1973 ኬንት ስቴት ውስጥ በዶን ጄምስ ሥር በዚሁ መንገድ ጀምሮ ነው ኋላ 7 ብሔራዊ ሻምፒዮና ያነሣው። በፕሮፌሽናል ሊግ መጫወት ግዴታ አይደለም። ኮሌጅ ተጫውቶ ማለፍ ይረዳል፤ ከዚያ በላይ የሚረዳው ግን አንድን ቦታ ለሌላ ሰው ማስተማር መቻል ነው።

ትልቅ ትምህርት ቤት ወይስ ትንሽ? ትልቁ ጋ ስምና ትውውቅ ይገኛል፤ ቀኑ ግን ፊልም ሲመዘግቡ ያልቃል። ዲቪዥን ሁለት ወይም ሦስት ውስጥ ደመወዙ ያነሰ ቢሆንም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የራሳችሁን ተጫዋቾች ይዛችሁ ታስተምራላችሁ፣ ሜዳ ታሰምራላችሁ፣ አውቶቡስ ትይዛላችሁ፣ ትመለምላላችሁ። ዋና አሰልጣኝ መሆን ለሚፈልግ ሰው ሁለተኛው የተሻለ ትምህርት ነው። ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ረዳቶች ዋና አሰልጣኝ ሲሆኑ የሚወድቁት ከፉትቦሉ ውጭ ባለው ሥራ ነው።

የጀማሪው ዋና ሥራ የተጋጣሚን ፊልም ከፋፍሎ መመዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ክፍል ስንተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች አንዱ) እንደሆነ፣ ስንት ያርድ እንደቀረ፣ ኳሱ ሜዳው ላይ የት እንዳለና በየትኛው ሃሽ (የሜዳው መሀል ግራና ቀኝ ምልክት) እንደተቀመጠ፣ ፐርሶኔል (የተሰለፉት ተጫዋቾች ዓይነት)፣ ፎርሜሽን (አሰላለፍ)፣ ሞሽን (ኳሱ ከመነሣቱ በፊት የሚደረግ እንቅስቃሴ)፣ የተሠራው ሥራ ይጻፋል፤ ተከላካይ ከሆነ ደግሞ ፍሮንት (የፊት መስመሩ አሰላለፍ)፣ ከቨሬጅ (ኳስ ተቀባዮችን አያያዝ) እና ብሊትዝ (ተጨማሪ ተከላካይ ወደ ኳስ ወርዋሪው መላክ)። ፐርሶኔል በሁለት አኃዝ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው የራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው)፣ ሁለተኛው የታይት ኤንድ (የሚያግደውም ኳስ የሚቀበለውም) ቁጥር ነው። 11 ማለት አንድ ራኒንግ ባክ፣ አንድ ታይት ኤንድና ሦስት ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ)፤ 12 ማለት አንድ ራኒንግ ባክ፣ ሁለት ታይት ኤንድና ሁለት ሪሲቨር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ሁሌም ይደጋገማል። አንደኛው አንዱን ፎርሜሽን በሁለት ስም መመዝገብ ነው፤ ሪፖርቱ ሲወጣ ያ ፎርሜሽን ለሁለት ይከፈልና ልማዱ ይጠፋል። መጀመሪያ የአንድ ገጽ የስያሜ ዝርዝር አዘጋጁና አስተባባሪው (ማጥቃቱን ወይም መከላከሉን የሚመራው ረዳት) ፊት አጽድቁት። ሁለተኛው የውጤቱን ልዩነት አለመመዝገብ ነው። በ24 ነጥብ የሚመራ ቡድን ሰዓት ለመግደል ኳሱን እየያዘ ይሮጣል፤ ያ ሳይለይ ከገባ «ይህ ቡድን በአንደኛ ዳውን ሯጭ ነው» የሚል የውሸት መደምደሚያ ይሰጣችኋል። የሩብ ሰዓቱንና የውጤቱን ዓምድ ጨምሩ፤ ከ17 ነጥብ በላይ ልዩነት ያለበትን ለብቻው አውጡ።

ከፊልሙ ቀጥሎ የስካውት ካርድ አለ፤ የተጋጣሚን አጨዋወት ለሚመስለው ቡድን የሚታይ ሥዕል ነው። በአንድ ካርድ አንድ ጨዋታ፣ 11ዱም ተጫዋቾች ተሥለው፣ ኳሱን የሚይዘው በሌላ ቀለም፣ ሃሹ ምልክት ተደርጎበት። ካርዱ መሣል ያለበት ካርዱን ከሚያየው ተጫዋች አቅጣጫ ነው። ከአሰልጣኙ አቅጣጫ ከተሣለ ግራው ቀኝ ይሆንና ተጫዋቹ ወደ ተሳሳተው ወገን ይሮጣል፤ የተከላካዩም ልምምድ አብሮ ይባክናል። ባለ 5 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 6 ወይም 7 ካርድ ስለሚፈጅ፣ ለ20 ደቂቃ 28 ያህል ካርድ በቅደም ተከተል ቁጥር ይዛችሁ ውጡ።

ቀጣዩ ሥራ በአብዛኛው የሚገኘው በማስታወቂያ ሳይሆን በስልክ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኞች ማኅበር በየጃንዋሪው የሚያደርገው ጉባኤ ብዙዎች ሥራ የሚፈልጉበትና የሚያገኙበት ቦታ ነው። ከዚያ በላይ የሚሠራው ግን የበጋ ካምፖች ላይ መሥራት ነው፤ ሌሎች አሰልጣኞች ስታስተምሩ በዓይናቸው ያዩአችኋልና።

ከረዳትነት ወደ ላይ

ለመውጣት አጭሩ መንገድ ስፔሻል ቲምስን (ኳስ በሚመታበት ጊዜ የሚገባውን ክፍል) መያዝ ነው። ማጥቃትም መከላከልም ቢሆን ግማሹን ቡድን ብቻ ነው የሚያስተዋውቃችሁ፤ ስፔሻል ቲምስ ግን ሁሉንም ያገናኛችኋል። ቢመር ዋና አሰልጣኝ ሆኖ እንኳ ይህን ክፍል ራሱ ይመራ ነበር፤ የቨርጂንያ ቴክም መታወቂያ የታገዱ ምቶች ሆኑ። ክፍሉ በሰዓት መያዣ ነው የሚመራው። ፐንት (ኳሱን ለተጋጣሚ አርቆ መምታት) ላይ ስናፑ (ኳሱን ወደ ኋላ ማቀበሉ) 14 ወይም 15 ያርድ ወደ ኋላ ተጉዞ በ0.8 ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት፤ ከስናፕ እስከ ምት ያለው በጠቅላላው ከ2.1 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ፊልድ ጎል (ለ3 ነጥብ የሚመታ ምት) ላይ ይኸው 1.3 ሰከንድ ነው። ከዚያ ካለፈ ከዳር የሚመጣው ተከላካይ ይደርሳል። ምት ሲታገድ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው አጋጁ ተጫዋች ነው፤ ሰዓቱ ሲለካ ግን ጥፋቱ አንድ እርምጃ አብዝቶ የሚራመደው መቺ ሆኖ ይገኛል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሜዳ ላይ ማስተማር የሚችሉት ዋና አሰልጣኙና 10 ረዳቶች ብቻ ነበሩ። ከ2024 ጀምሮ አናሊስት የሚባሉት የቢሮ ሠራተኞችም ተጫዋች ማስተማር ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ የአናሊስት ሥራ ሲቀርብላችሁ የትኛውን ቦታ እንደምታስተምሩ በግልጽ ጠይቁ። አለዚያ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ፊት ብቻ ያልቃል።

አንድ ቦታ ለ3 ወይም ለ4 ዓመት ካስተማራችሁ በኋላ ሁለተኛ ጨምሩ። የኦፌንሲቭ ላይን (የማጥቃት የፊት መስመር) አሰልጣኝ ኳርተርባክን (ኳስ ወርዋሪውን) ቢጨምር ለአስተባባሪነት ይበቃል፤ የኳስ ጥበቃውንም የኳስ አወራወሩንም ያውቃልና። በጥሩ ሰው ሥር መቆየትም ኪሳራ አይደለም። ጆ ፓተርኖ ፔን ስቴትን ከመረከቡ በፊት 16 ዓመት ረዳት ነበር።

የትኛውን ሥራ መቀበል

የብዙዎች ሙያ የሚሰበረው እዚህ ነው። የመጀመሪያው የዋና አሰልጣኝነት ጥያቄ ሲመጣ ደስታው ያጣድፋል፤ ከመፈረም በፊት ግን እነዚህን በጽሑፍ መልስ ጠይቁባቸው። አትሌቲክ ዳይሬክተሩ (የትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ) ስንት ዓመት ይቆያል? የቀጠራችሁ ሰው በሁለተኛው ዓመት ከሄደ አዲሱ የራሱን ሰው ይፈልጋል። ለረዳቶች ደመወዝ የተያዘው ጠቅላላ ገንዘብ ስንት ነው፣ የሊጉ ተጋጣሚዎችስ ስንት አላቸው? የመግቢያ ጽሕፈት ቤቱ የኤንሲኤኤን ዝቅተኛ መስፈርት ይቀበላል ወይስ የራሱ ከፍ ያለ መስፈርት አለው? ባለፉት 20 ዓመታት ስንት አሰልጣኝ ተባረረ፣ በስንተኛ ዓመቱ? ሦስት አሰልጣኝ በተከታታይ በሦስተኛ ዓመት ያባረረ ትምህርት ቤት አራተኛውን ይታገሣል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

ውሉን የሙያው ጠበቃ ያንብበው። ከደመወዙ በፊት ባይአውቱን ተመልከቱ፤ ያለ በቂ ምክንያት ብትባረሩ የሚከፈላችሁ፣ ራሳችሁ ብትሄዱ የምትከፍሉት። ሌላ ሥራ ስታገኙ ክፍያው ይቀነሳል ወይ የሚለው አንቀጽ ብዙ ገንዘብ ይለውጣል። ቴክሳስ ኤይ ኤንድ ኤም በኖቬምበር 2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ የገባው በዚህ ዓይነት ውል ነው። «በበቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ በዝርዝር መተርጎም አለበት፤ ልቅ ከሆነ በረዳት ጥፋትም ሊያባርሯችሁ ይችላሉ። ከውሉ ምንጊዜም 4 ዓመት ያህል እንዲቀር ማራዘሚያ ጠይቁ። ተመልማይ ቤተሰብ የመጀመሪያ ጥያቄው «አንተስ ትቆያለህ ወይ?» ነውና።

ሳምንቱና ልምምዱ

በውድድር ወቅት ተጫዋቹ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን 4 ሰዓት ብቻ ነው ሊሠራ የሚችለው፤ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ግዴታ ነው። የጨዋታ ቀን 3 ሰዓት ተብሎ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የሚቀራችሁ 17 ነው። ፊልም ማየትም ክብደት ማንሣትም ከዚሁ ይቀነሳል። ሜዳ ላይ 7 ሰዓት፣ ክብደት 1 ሰዓት ተኩል፣ ስብሰባና ፊልም 6 ሰዓት ከሩብ ብታደርጉት ወደ 15 ይጠጋል። የተረፈውን 2 ሰዓት አትንኩት። ደንብ የሚጣሰው ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ሳይሆን ስብሰባ በየቀኑ 10 ደቂቃ እየረዘመ ማንም ሳይመዘግበው ሲቀር ነው።

የተለመደው አደራደር ይህን ይመስላል። ቅዳሜ ጨዋታ፤ እሑድ ፊልምና ቀላል እንቅስቃሴ፤ ሰኞ ዕረፍት። ማክሰኞ ከባዱ ቀን ነው፤ የአንደኛና የሁለተኛ ዳውን ሥራ። ረቡዕ ሦስተኛ ዳውንና የመጨረሻው 20 ያርድ። ሐሙስ ጎል ላይን (የመጨረሻዎቹ ጥቂት ያርዶች)፣ የሁለት ደቂቃ አጨዋወትና ስፔሻል ቲምስ። ዓርብ በእግር እየሄዱ መከለስ። ማክሰኞን በ24 ክፍለ ጊዜ ከፍሉት፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ፦ ሰውነት ማፍታቻ 2፣ ስፔሻል ቲምስ 3፣ በየቦታው የግል ሥራ 4፣ ሩጫ በመስመር ውስጥ 3፣ ሰባት ለሰባት 3፣ ሙሉ ቡድን 6፣ እንደገና ስፔሻል ቲምስ 2፣ መዝጊያ 1። የግል ሥራውን ከ20 ደቂቃ በታች አታውርዱት። ቡድን ሲሸነፍ አሰልጣኞች ሙሉ ቡድን የሚሠራበትን ሰዓት ይጨምራሉ፤ የሚቀነሰው የግል ሥራው ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ታክል ማድረግ (ኳስ የያዘውን መጣል) እና ማገድ እየደከመ ይሄዳል፤ ምክንያቱ የተቀነሰው ሰዓት መሆኑን ግን ማንም አያስተውልም።

የወቅቱ መክፈቻ ካምፕ 25 ልምምድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ሰውነትን ማለማመጃ ናቸው። ከ2021 ጀምሮ በሙሉ መከላከያ ልብስ የሚደረገው ልምምድ 9 ብቻ ነው፤ ሙሉ ግጭት ያለበት ሥራም በአንድ ልምምድ ከ75 ደቂቃ አይበልጥም፣ ከሁለት ቀን በላይም አይከታተልም። ይህን እንደ እንቅፋት አትዩት። ጆን ጋሊያርዲ ሚኒሶታ በሚገኘው ሴንት ጆንስ፣ በዲቪዥን ሦስት፣ ከ1953 እስከ 2012 ሲያሠለጥን በልምምድ ታክል አያስደርግም ነበር፤ በሙያው 489 ድል አስመዝግቧል፣ በኮሌጅ ፉትቦል የሚበልጠው የለም። ጤነኛ ሆኖ ቅዳሜ የሚደርስ ተጫዋች በማክሰኞ ግጭት ከተጎዳ ጎበዝ ይበልጣል።

ሙቀት ይገድላል። በሙቀት የተመታ ተጫዋች መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ሜዳው ዳር በረዶና ውኃ የተዘጋጀበት ገንዳ ከልምምዱ በፊት ይቀመጥ፤ ዓላማው በ30 ደቂቃ ውስጥ የሰውነቱን ሙቀት ወደ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማውረድ ነው። በሩጫ መቅጣትን ከነአካቴው ተዉት። ተጫዋች ይሰለፋል ወይስ አይሰለፍም የሚለውን የሚወስነው የሕክምና ባለሙያው ነው፤ አሰልጣኝ ድምፁን እንኳ ከፍ አድርጎ ሊጠይቀው አይገባም።

ምልመላና የተጫዋች ቁጥር

ለብዙ ዓመታት ገደቡ 85 ስኮላርሺፕ ነበር። ከ2025 ጀምሮ በተጫዋቾች ክፍያ ክስ ላይ በተደረሰው የፍርድ ቤት ስምምነት የገቡ ትምህርት ቤቶች ገደብ 105 ተጫዋች ነው፤ ለተጫዋቾቻቸውም በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። ለ105 ሊሠራ የሚችል ክፍፍል፦ ኳርተርባክ 4፣ ራኒንግ ባክ 6፣ ሪሲቨር 14፣ ታይት ኤንድ 6፣ ኦፌንሲቭ ላይን 18፣ ዲፌንሲቭ ላይን 18፣ ላይንባከር 13፣ የኋላ ተከላካይ 20፣ መቺዎችና ስናፐሮች 6። ከኦፌንሲቭ ላይኑ ቀንሶ ሪሲቨር መጨመር ያጓጓል። በኖቬምበር ሦስት ሰው ሲጎዳ ግን ከትምህርት ቤቱ ውስጥ ላይንማን አይገኝም።

ከ2024 ጀምሮ ተጫዋች በትምህርቱ ብቁ እስከሆነ ድረስ የፈለገውን ያህል ጊዜ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ወዲያው መጫወት ይችላል። ስለዚህ ምልመላ ዲሴምበር ላይ በፊርማ አያልቅም፤ የራሳችሁን ተጫዋች በየዓመቱ እንደ አዲስ ትመለምላላችሁ። ወቅቱ ካለቀ በ3 ቀን ውስጥ ዋና አሰልጣኙ እያንዳንዱን ተጫዋች ለ15 ደቂቃ ለብቻው ያነጋግር፤ ቦታው የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚጎድለው፣ በመጪው ዓመት ምን እንደሚጠበቅበት። የገንዘቡን ንግግር ሌላ ሰው ይያዘው። ዋና አሰልጣኝ ከተጫዋች ጋር በዋጋ ከተከራከረ በኋላ ሊያርመው ይቸገራል።

ለእያንዳንዱ ረዳት አንድ አካባቢ ስጡትና ቢያንስ ለ4 ዓመት አትቀይሩበት። በመኪና እስከ 3 ሰዓት የሚያስኬድ ክልል ውስጥ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ተመልማይ ኖረውም አልኖረውም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይጎብኝ። የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኝ የሚያስታውሰው የሚፈልገው ነገር ሳይኖር የመጣውን ሰው ነው። ትልልቆቹ ያልነኩትን ምንጭ ፈልጉ፦ ስናይደር ካንሳስ ስቴትን ያነሣው ከሁለት ዓመት ኮሌጆች በሚያመጣቸው ተጫዋቾች ነው፤ ቶም ኦዝቦርን ደግሞ ኔብራስካ ላይ ያለ ስኮላርሺፕ ከየገጠሩ የሚመጡ ልጆችን አሠለጠነ።

ከፊልሙ በፊት ትራንስክሪፕቱን (የትምህርት ውጤት ማስረጃውን) ጠይቁ። 16 ዋና ትምህርቶችና በእነሱ 2.3 አማካይ ነጥብ ከሌለ በመጀመሪያው ዓመት መጫወት የለም። ከገባ በኋላ እስከ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት መጨረሻ በቅደም ተከተል የዲግሪውን 40፣ 60 እና 80 በመቶ መጨረስ አለበት። የቡድኑ የ4 ዓመት የትምህርት ዕድገት መለኪያ ከ930 በታች ከወረደ ቦውል የለም። በሦስተኛ ዓመት የትምህርት ዘርፍ መቀየር ብዙዎችን 60 በመቶው ላይ ይጥላቸዋል፤ ለውጡን አማካሪው ሳያሰላ ማንም አይፈርም።

ቅዳሜ

ዋና አሰልጣኙ እጅ ላይ አንድ ካርድ ይኑር፤ የሰዓት ካርድ። እየመራችሁ፣ አንደኛ ዳውን ይዛችሁ፣ ተጋጣሚ ታይም አውት (ሰዓት ማስቆሚያ) ከሌለው ሦስት ጊዜ መንበርከክ (ኳስ ይዞ ጉልበት መሬት ማስነካት) ወደ 2 ደቂቃ ይፈጃል፤ ፕሌይ ክሎኩ (ቀጣዩ ሙከራ እስኪጀመር የሚሰጠው ጊዜ) 40 ሰከንድ ነውና። ለተጋጣሚ አንድ ታይም አውት ካለው ወደ 1 ደቂቃ ከ20፣ ሁለት ካለው ወደ 40 ሰከንድ ይወርዳል። ከ2023 ጀምሮ ሰዓቱ በአንደኛ ዳውን የሚቆመው በእያንዳንዱ ግማሽ የመጨረሻ 2 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 2 ደቂቃ ሲቀር ጨዋታው በራሱ ይቆማል። ካርዱን በልምምድ ላይ ካልሞከራችሁት በጩኸት መሀል ማንበብ አትችሉም። ሐሙስ ላይ ሯጩ ጎል ሳያገባ መውደቅ ያለበትን አጋጣሚ አስለማምዱት።

በዲቪዥን አንድ የላይኛው ክፍል አሰልጣኙ ለተጫዋቹ የሚናገርበት በኮፍያው ውስጥ ያለው ሬዲዮ ፕሌይ ክሎኩ 15 ሰከንድ ሲቀረው ይዘጋል። ትእዛዙ 25 ሰከንድ ሲቀር እንዲደርስ አድርጉ፤ የእጅ ምልክቱንም አትርሱት፣ ሬዲዮ ይበላሻል።

ረዳቶችን ማቆየት

ረጅም ዕድሜ ያላቸው ቡድኖች ውስጥ የሚገኘው አንድ ነገር የማይለዋወጥ አስተባባሪ ነው። ቡድ ፎስተር ከ1995 እስከ 2019 የቨርጂንያ ቴክን መከላከል መራ። አይዋ ላይ ኖርም ፓርከር ከ1999 እስከ 2011፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው የነበረው ፊል ፓርከር ተተካ፤ ስያሜውም ትምህርቱም አልተቀየረም። የተጋጣሚ ትምህርት ቤት ገንዘብ ይዞ ሳይመጣ በፊት ማራዘሚያ ስጡ። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ተተኪ ስም ያለበት ዝርዝር ይኑራችሁ፣ በየሜይ አድሱት። በዲሴምበር ፍለጋ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ነው።

ብዙ ዓመት የቆየ አሰልጣኝ ሌላ አደጋ አለበት፤ ማንም «አይሆንም» የማይለው ሰው ይሆናል። ፔን ስቴት በ46 ዓመትና በ409 ድል የታወቀውን ፓተርኖን በኖቬምበር 2011 ያሰናበተው በቀድሞ ረዳቱ የሕፃናት ጥቃት ጉዳይ ነው። በደል ሲሰማ በውስጥ አይጣራም፤ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለትምህርት ቤቱ የታይትል ናይን ቢሮ (የጾታ መድልዎና ጥቃት ጉዳዮችን ለሚይዘው) በጽሑፍ ይደርሳል። ይህን ግዴታ ለረዳቶችም፣ ለተማሪ ሠራተኞችም በየዓመቱ አስፈርሙ። ሪፖርት ለማድረግ ዋናውን አሰልጣኝ ማስፈቀድ እንደማያስፈልግም በግልጽ ይጻፍ።

መውጫው

ኦዝቦርን በ1997 ወቅት ሻምፒዮና ወስዶ ወጣ፤ ሴበን በጃንዋሪ 2024፣ በ72 ዓመቱ። የሚወጡበትን ጊዜ ራሳቸው የመረጡት ጥቂቶች ናቸው። ከመውጣት 2 ዓመት በፊት ለአትሌቲክ ዳይሬክተሩ ብቻ አሳውቁ፤ ወሬው ከወጣ ተቀናቃኝ መልማዮች በየቤቱ ያዳርሱታል። ቀኑ ሲደርስ ቅደም ተከተሉ ረዳቶች፣ ተጫዋቾች፣ ፊርማ የሰጡ ተመልማዮች፣ በመጨረሻ ጋዜጠኞች ነው፤ ሁሉም በአንድ ከሰዓት በኋላ። ከተቻለ በኖቬምበር መጨረሻ ይሁን፦ ረዳቶቻችሁ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ነው ያላቸው፣ ሌሎች ቡድኖች የሚቀጥሩት ደግሞ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነው። ከመታወጁ በፊት ለእያንዳንዳቸው የድጋፍ ደብዳቤ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ቢሮውን ከለቀቃችሁ በኋላ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሰው ላይኖር ይችላል።